ጣና ዳር ሎጅ ለያዘ እንግዳ፦ ስለ ጉማሬ፣ ስለ ጦጣና ስለ ሌሎቹ ጎረቤቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር የሚኖር ሰው እንግዳ አያጣም። ጥምቀት ሲደርስ፣ ሠርግ ሲኖር፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስልኬ ይጮሃል። «ሐይቁ ዳር ሎጅ ይዘናል፤ ምን ይዘን እንምጣ?» ይሉኛል። ቀጥለው ስለ አውሬ ይጠይቃሉ። እስካሁን እንደታዘብኩት እንግዳ የሚፈራው ሌላ፣ ሊጠነቀቀው የሚገባው ሌላ ነው። ስለ አዞ የማይጠይቀኝ የለም። ስለ ጦጣ የጠየቀኝ ግን አላጋጠመኝም፤ ቁርሱን የምትወስድበት እሷ ሆና ሳለ። እንግዲህ መልሱን አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ግቢው ውስጥ ጉማሬ ይገባል እንዴ?

ይገባል። ሁሉም ግቢ ውስጥ አይደለም። ግን ሣሩ እስከ ውኃው ድረስ የሚወርድ፣ በሐይቁ በኩል አጥር የሌለው ግቢ ከሆነ ቢመጣ አይግረማችሁ። ጉማሬ ቀኑን ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይውላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ለግጦሽ ይወጣል፤ ሊነጋጋ ሲል ይመለሳል። በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ገደማ ሣር ይግጣል። በቅርብ ካጣ ከውኃው ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይሄዳል። ሎጁስ በበጋ ምን ያደርጋል? ዙሪያው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ሣሩን እያጠጣ ያለመልማል። ለእናንተ ፎቶ መነሻ ነው። ለጉማሬው ግን የቀረበ ማዕድ ነው።

የዳሩ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሐይቁ ሲሸሽ የዘራውን እህል ሌሊት ማማ ላይ ወጥቶ የሚጠብቀው ለወፍ ብሎ አይደለም።

መግባት አለመግባቱን ለማወቅ ጠዋት ወደ ዳሩ ወረድ በሉ። ጭቃው ላይ አራት ጣት ያለው፣ የምሳ ሰሐን የሚያህል ኮቴ ካያችሁ የእሱ ነው። ቁጥቋጦው ላይ ፋንድያ ተረጭቶ ካያችሁም እሱው ነው። ሲጥል በጭራው እየመታ ይበትነዋል።

ደግሞ ዘበኛውን ጠይቁት። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ «ኧረ ምንም የለም» ልትላችሁ ትችላለች፤ እሷ ማታ ቤቷ ነው የምታድረው። ዘበኛው ግን በየት በኩል እንደሚወጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ያውቃል።

ሣር በላ ነው ይባላል። ታዲያ ምኑ ያስፈራል?

ሣር በላነቱ እውነት ነው። ሊበላችሁ አይመጣም። የሚያጠቃው ሲደነግጥ፣ መንገዱ ሲዘጋበት፣ እናት ከሆነች ደግሞ ልጇን ይዛ ሳለ ሰው ሲጠጋት ነው። አንድ ትልቅ ወንድ እስከ 3,000 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ክራንቻው 50 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። የእግሩ ማጠር አያታላችሁ፤ የብስ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ከእኔም ከእናንተም ይፈጥናል፤ ከእራት በኋላማ አይወራ።

በነገራችን ላይ፣ ድሮ ከቆዳው የሚሠራው አለንጋም «ጉማሬ» ነው የሚባለው። አያቴ «ጉማሬ አመጣልሃለሁ» ሲሉኝ የትኛውን እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን ማየት ነበረብኝ።

ማታ መንገድ ላይ ባገኘውስ?

ከሁሉ በፊት፣ በእሱና በውኃው መካከል አትቁሙ። የደነገጠ ጉማሬ የሚሮጠው ወደ ውኃው ነው። መንገዱ ላይ የቆመውን አያልፍም፤ ደርምሶት ይሄዳል።

አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ነበር። የአጎቴን ልጅ እራት በልተን ወደ ክፍሉ እየሸኘሁት ነው። ከወደ ጨለማው ሽርክት፣ ሽርክት የሚል ድምፅ ሰማን። በሬ ሣር ሲነጭ የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ግን ወፈር ያለ። ልጁ የስልኩን መብራት ቦግ አደረገው። አሥራ አምስት እርምጃ እንኳ አይርቅም። እርጥብ ጥቁር ጀርባ፣ የተገለበጠ ጀልባ የመሰለ። ግጦሹን አቆመ። ዘበኛው ከኋላችን ደርሶ ክንዳችንን ያዘ። «መብራቱን ከዓይኑ ላይ አንሳ» አለው፣ ድምፁን ሳያሰማ። ጀርባችንን ሳንሰጥ፣ አንድ አንድ እርምጃ፣ እስከ ምግብ ቤቱ በር ድረስ ወደ ኋላ ሄድን። ከዚያ ሻይ አዘዝንና አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። የአጎቴ ልጅ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረ፤ ለወትሮው ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው።

ማድረግ ያለባችሁም ይኸው ነው። ባትሪ ያዙ፤ ግን ፊት ለፊታችሁ መሬቱን አብሩ። ካያችሁት ቁሙ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። ጩኸት የለም፣ ፍላሽ የለም፣ ድንጋይ መወርወር የለም። ከመጣባችሁ ወፍራም ዛፍ፣ ግንብ ወይም መኪና ጀርባ ሁኑ። በረንዳ ወይም ደረጃ ካለ ውጡ። ሜዳ ላይ በቀጥታ ሮጦ ማምለጥ የሚባል ነገር የለም። ከሁሉም የሚሻለው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ወደ ዳሩ አለመውረድ ነው። ከክፍል ወደ ምግብ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ዘበኛ ጥሩ። ለዚህ ነው ያለው፤ አትፈሩ።

ጉማሬ ለማየት ጀልባ ይዣለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

ጀልባዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት፣ ወደ ደብረ ማርያም ደሴት አካባቢ ነው የሚወስዷችሁ። ነጂዎቹ ቦታውን ያውቃሉ። ችግር የሚመጣው ከእኛ ነው። «ወንድሜ፣ ትንሽ ጠጋ በል፣ ቲፕ አለህ» እንላለን። እሱም ልጆች አሉት፤ ይጠጋል።

አትጠጉ። እኔ ከ50 ሜትር በታች አልጠጋም። የሚያሰጋው ራሱን ያወጣው ጉማሬ ሳይሆን ውኃ ውስጥ ያለው ነው። እስከ 5 ደቂቃ ድረስ ሳይተነፍስ ሊቆይ ይችላል። ሦስት ጆሮ ቆጥራችሁ «አንድ ተኩል ናቸው» ብላችሁ ስትስቁ አራተኛው ከጀልባው ሥር ሊሆን ይችላል። አፉን በሰፊው ከከፈተ እያዛጋ እንዳይመስላችሁ። ክራንቻውን እያሳያችሁ ነው። ያኔ ነጂውን «እንመለስ» በሉት።

ላይፍ ጃኬት ይልበሱ ሲባል «ዋና እችላለሁ» የሚል ጀግና አይጠፋም። ይልበስ። ጉዞውን ጠዋት አድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ቀልድ አይደለም። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ጉማሬ ወዳለበት መሄድ የሚባለውን ደግሞ እርሱት። ታንኳ ላይ ያደገ ሰው የሚያደርገውን አይቶ መሞከር አይሆንም። እሱ ውኃውን እያየ ነው የሚቀዝፈው፤ እኛ ስልካችንን።

አዞስ?

ይኸው መጣ። ጣና የሚታወቀው በጉማሬ ነው። የአዞ ገበያ ማየት ከፈለጋችሁ ጫሞ ሐይቅ ነው፤ አርባ ምንጭ ሂዱ። ዓባይ ግን ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወርዶ ወደ በረሃው ሲገባ አዞ አለበት። ስለዚህ እዚያ ወንዙ ውስጥ «ትንሽ ልቀዝቅዝ» ማለት አያዋጣም።

«የአዞ ልጅ አየሁ» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያየው አርጃኖ የሚባለውን ትልቅ እንሽላሊት ነው። ከጅራቱ ጋር 2 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ዳር ላይ ድንጋይ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሰው ሲያይ ውኃ ውስጥ ይገባል። መውጫ ካሳጣችሁት ይነክሳል፣ በጅራቱም ይገርፋል። መውጫ አታሳጡት።

ጦጣዎቹ ደስ ይላሉ። ሙዝ ብሰጣቸው ምን አለበት?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከእንግዶቼ መካከል ተቧጭሮ ወይም ተዘርፎ የሄደው ሁሉ በጦጣ ነው።

ጣና ዳር የምታዩዋት ጦጣ ፊቷ ጥቁር፣ ጸጉሯ ግራጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ጉንጯ ዙሪያ ነጭ ያላት ናት። ብልህ ናት። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ከሦስት ዛፍ ማዶ ትሰማለች። አስተናጋጁ ቁርስ አስቀምጦ ዞር የሚልበትን ሰዓት ታውቃለች። እህቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ጨጨብሳ ልትጎርስ ስትል አንዷ ከጣሪያው ወርዳ ከጠረጴዛው ላይ ወሰደች። ምን እንደወሰደች ታውቃላችሁ? ጨጨብሳውን ትታ የስኳሩን ማስቀመጫ። ዛፉ ላይ ወጥታ ትንንሾቹን የስኳር ወረቀቶች አንድ በአንድ ቀድዳ ላሰች። ወረቀቱን እኛው ላይ ጣለችው።

ያን ጊዜ ስቀናል። የማያስቀው የሚቀጥለው ነው። ሙዝ የለመደች ጦጣ ሰውን ስታይ የምታየው ሙዝ ነው። ዛሬ እናንተ ሰጥታችሁ ሄዳችሁ። ነገ ባዶ እጁን የሚመጣውን የአምስት ዓመት ልጅ «የታል?» ብላ ትይዘዋለች። ልጁ ይጮሃል፤ እሷ ትደነግጣለች፤ ትነክሰዋለች። ሙዙን የሰጠው ሰው ያኔ አዲስ አበባ ገብቷል።

ስለዚህ አትስጡ። በረንዳ ላይ ምግብ ጥላችሁ አትግቡ። መስኮት ዝጉ፤ ጠባብ ክፍተት ይበቃታል። መድኃኒትና መነጽር መስኮት አጠገብ አታስቀምጡ። አንዷ የቦርሳ ዚፕ ስትከፍት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከእኔ በላይ ትችልበታለች። እጃችሁ ላይ ያለውን ከያዘችባችሁ ልቀቁላት፤ ለአንድ ዳቦ ጉተታ አይገባም። ዓይኗን አፍጥጣችሁ አትዩ፤ ጥርሳችሁን አሳይታችሁም አትሳቁላት። በእሷ ቋንቋ ሁለቱም ጠብ ነው። ልጅ ያዘለች ከሆነች ደግሞ ራቅ በሉ።

ዘጌ ጫካ ውስጥ ያለው ጥቁርና ነጭ ጦጣም ይነጥቃል?

እሱ ጉሬዛ ነው። ቅጠል በላ ነው፤ ጨዋ ነው። ከዛፍ ጫፍ ሆኖ ቁልቁል ያያችኋል፤ ለዳቦ ብሎ አይወርድም። ከጀልባ ወርዳችሁ በቡናው ጥላ ሥር ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትሄዱ ቀና እያላችሁ ፈልጉት። ነጩ ጅራቱ ነው ቀድሞ የሚታየው።

እባብስ? እዚያ ጫካ ውስጥ መሄድ እፈራለሁ።

እባብ አለ። እሱ ግን ከእናንተ ይብሳል ፍርሃቱ፤ የእርምጃችሁን ንዝረት ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው በየሐረጉ መደንገጥ ብቻ ይሆናል ትርፉ። መንገዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ድንጋይና ግንድ በእጅ አትገልብጡ፤ ሽፍን ጫማ አድርጉ። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጫማ ታወልቃላችሁ። ስትወጡ ሳታራግፉ አታጥልቁት፤ ጊንጥም ጥላ ይወዳል። ዓባይ ዳር ደንገሉ ውስጥ ዘንዶ ካያችሁ መርዝ የለውም፤ ሆኖም አትጠጉት፤ ይዞም ያንቃል፣ ይነክሳልም።

እባብ ከነደፈ፦ መብጣት የለም፤ በአፍ መምጠጥ የለም፤ በገመድ ጥፍር አድርጎ ማሰር የለም። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፤ ያብጣል። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳታንቀሳቅሱ ሰውየውን ተሸክማችሁ ወደ ሆስፒታል። እባቡን ገድሎ ለማምጣት ማሳደድ ሁለተኛ በሽተኛ ከማስከተል በቀር ጥቅም የለውም።

ጦጣ ወይም ውሻ ቢነክሰኝ ምን ላድርግ?

«ትንሽ ነው፣ ቧጨረኝ ብቻ» አትበሉ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አለ፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። ከመታየቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል። ስለዚህ ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ይዛችሁ እጠቡ፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት ይረዝማል። ከዚያ ወደ ሆስፒታል። ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወት እና ጥበበ ግዮን አሉ፤ የባጃጅ ሾፌር ሁለቱንም ያውቃቸዋል። ክትባቱ አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚያልቅ አይደለም፤ በቀጠሮ ይደጋገማል። አዲስ አበባ ስትመለሱ እንዳታቋርጡት። ጸበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ ማንም አይከለክለውም። ክትባቱን ግን አይተው።

ጅብ ከተማ ውስጥ ይገባል?

ሌሊት ዳር ዳሩን ይመጣል፤ ቆሻሻ ባለበት ይበረታል። ግቢ ውስጥ ክፍላችሁ ያላችሁ ሰዎች ድምፁን ትሰሙ ይሆናል እንጂ አያገኛችሁም። ሌሊት ከመዝናኛ ስትመለሱ በእግር ከመምጣት ባጃጅ ያዙ። ይህን የምለው ከጅቡ ይልቅ ለውሾቹ ብዬ ነው። ሌሊት ተሰብስበው ሲያገኟችሁ አትሩጡ፤ ቁሙ፤ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ። የአገሬ ውሻ ያንን እንቅስቃሴ ከእናቱ ሆድ ጀምሮ ያውቀዋል።

ጣና ውስጥ መዋኘት ይቻላል?

ሁሉም ሰው ጉማሬውን ያስባል። እኔ የማስበው ቀንድ አውጣዋን ነው። ዳር ዳሩ፣ ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ቢልሃርዝያ የምታስተላልፍ ትንሽ ቀንድ አውጣ አለች። ከእሷ የሚወጣው ተውሳክ በዓይን አይታይም። ቁስል አያስፈልገውም፤ ጤነኛ ቆዳ በስቶ ይገባል። እግራችሁን ነክራችሁ ፎቶ ስትነሱም ይገባል። ሕመሙ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚመጣው፤ ያኔ ጣናን ማን ያስታውሰዋል? ሆድ ቁርጠት ነው ትላላችሁ።

ስለዚህ ዋና ካማራችሁ ገንዳ ያለው ሎጅ ያዙ። ከነከራችሁ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «ጣና ገብቼ ነበር» በሉ። ይመረመራል፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ ይድናል።

ወባንም እግረ መንገዴን ላንሳ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወባ ግን አለባት፤ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም ጀምሮ ይብሳል። አጎበሩ ለጌጥ የተሰቀለ አይደለም፤ ዘርጉት።

ትልልቆቹ ወፎች ሰው ይነካሉ?

ዓሣ በሚበለትበት ቦታ ራሰ በራ፣ ጉሮሮው ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ወፍ ቆሞ ታያላችሁ። አባ ኮዳ ነው። የሚጠብቀው የዓሣውን አንጀት ነው፤ ግን ምንቃሩ ረጅም ነውና ልጅ በእጁ እንዳያጎርሰው። ጭላት ደግሞ ከሰማይ ወርዶ የተጠበሰ ዓሣችሁን ከእጃችሁ ላይ ይመነትፋል። ጥላ ሥር ብሉ።

ሕፃናት ይዤ እመጣለሁ። ምን ትመክረናለህ?

ክፍል ስትይዙ ከሐይቁ ፈንጠር ያለውን ጠይቁ። ዕይታው ይቀንሳል፤ እንቅልፋችሁ ይጨምራል። ልጆቹ 12 ሰዓት ሲሆን ከሣሩ ላይ ይነሱ፤ ያለቅሳሉ፤ ያልቅሱ። ኳሳቸው ደንገል ውስጥ ከገባ ሌላ ኳስ ግዙላቸው።

እሺ፣ ታዲያ ጉማሬ ያለ ስጋት የት ልይ?

ቤዛዊት። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው። ባጃጅ ይዛችሁ ከሰዓት በኋላ ውጡ፤ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያለው ሰው ካለ ለምኑት። ዓባይ ከሥራችሁ ተጠማዞ ሲሄድ ታያላችሁ። ወንዙ መካከል የተደረደሩ ጥቁር ድንጋዮች አሉ። ዝም ብላችሁ እዩዋቸው፤ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። ድንጋዩ ጆሮውን ካርገበገበ እሱ ነው።